ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት ትርፉ የማን እንደሚሆን ወስኑ፦ ለማኅበራዊ ሥራችን ሕጋዊ አደረጃጀት የመረጥንበት መንገድ

በኢትዮጵያ ሕግ «ሶሻል ኢንተርፕራይዝ» (ነግዶ የሚያተርፈውን ለማኅበረሰብ የሚያውል ድርጅት) ተብሎ የሚመዘገብ የድርጅት ዓይነት የለም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የዓለም የሶሻል ኢንተርፕራይዝ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ስሙ በየመድረኩ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ግን የራሱ የሆነ ቦታ አልሰጠውም። ስለዚህ ነግዶ የሚያተርፈውን ለማኅበረሰቡ ማዋል የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ፣ ለሌላ ዓላማ ከተቀረጹት አደረጃጀቶች አንዱን ወስዶ በራሱ ደንብ ለዓላማው ማስተካከል ነው። እኛ እንዴት እንደመረጥን ከደብረ ማርቆስም፣ ከእንጅባራም፣ ከቡሬም የሚጠይቁኝ ወጣቶች ስለበዙ፣ ያለፍንበትን አንድ ቦታ ላይ ላስፍረው ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ሥራችን የሕፃናት ምጥን ዱቄት ማዘጋጀት ነው፦ በቆሎ፣ ስንዴ፣ እንግዶ (የአጃ ዓይነት)፣ ባቄላና አኩሪ አተር ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተመጥኖ ይፈጫል። 6 ወር ለሞላው ልጅ ከጡት ጋር ለሚጀመረው ገንፎ የሚሆን ነው። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ፣ ደምበጫ እህል የሚተርፍበት አገር መሆኑን ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። በቆሎው በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ ሌላ ክልል ይወጣል። ጤና ጣቢያ መጥቶ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ክብደቱ ወይም ቁመቱ ከዕድሜው በታች ነው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ልጅ የሚቀነጭረው ከጎተራው ወደ ልጁ አፍ የሚደርሰው አንድ ዓይነት እህል ብቻ ስለሚሆን ነው። ይህ የዘወትር ቁጭቴ ነው፤ ሥራውም የተጀመረው ከዚህ ነው። ከተማው ውስጥና በአቅራቢያ ቀበሌዎች ያሉ፣ ቀድሞውንም በእቁብ የሚተዋወቁ ከ50 በላይ ሴቶች፣ እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ እንዲሁም አንድ የግብርና ባለሙያ ሆነን ነው የተነሣነው። ዱቄቱን ለከተማ ሰው በገበያ ዋጋ እንሸጣለን፤ ከጤና ኬላ ተጽፎላቸው ለሚመጡ ቤተሰቦች ግን በወጪው ብቻ እንሰጣለን።

ደብረ ማርቆስ ላይ ለብዙ ዓመት ዳኛ ሆነው ያገለገሉና አሁን በጥብቅና የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ምክር ፍለጋ ወደ እሳቸው ስንሄድ «የግል ኩባንያ (ፒኤልሲ) ይሻላል ወይስ ማኅበር?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸው አልመለሱልንም።

«ሕጉን ቆይተን እናየዋለን» አሉን። «መጀመሪያ እናንተ ንገሩኝ። ዱቄቱ ያተረፈ ዕለት ገንዘቡ የማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ያጠፋ ዕለት ማን ያወርደዋል? የተጣላችሁ ዕለት ወፍጮው ማን ዘንድ ይቀራል?»

«ጋሼ፣ እኛ ምን ያጣላናል?» አለች አንዷ።

«ልጄ፣ ደንብ የሚጻፈው ፍቅር እያለ ነው። ከተጣላችሁ በኋላማ የምትጽፉት ክስ ነው» አሏት።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ተመለስንና ተከራከርን። የምመክራችሁም ይህንኑ ነው። የትኛውም አደረጃጀት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰጣችሁት መልስ መሠረት ነው። እኛ የደረስንበት መልስ እንዲህ ነበር፦ ትርፉ በመጀመሪያ ለተጎዱ ልጆች፣ ቀጥሎ ለሚሠሩት ሴቶች ይሁን፤ ሥራ አስኪያጅ የመሾምና የመሻር ሥልጣን በሴቶቹ እጅ ይሁን፤ ወፍጮው ደግሞ የማንም ግለሰብ አይሁን።

በመጀመሪያ ከየአቅጣጫው የመጣልን ምክር «በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ» የሚል ነበር። ፈጣን ነው፤ ሼድ ይገኝበታል፤ ብድርም ይመቻችበታል። ለብዙ ወጣት በር የከፈተ መንገድ ስለሆነ አላጣጥለውም። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚደራጁ ብዙ ቡድኖች የሚመዘገቡት በኅብረት ሽርክና ማኅበርነት ነው። በኅብረት ሽርክና ደግሞ ኃላፊነቱ ያልተወሰነ ነው። ማኅበሩ ዕዳውን መክፈል ካቃተው ባለገንዘቡ እያንዳንዱን ሸሪክ በግል ንብረቱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያውም የድርሻውን ያህል ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ዕዳ። ከእኛ ሴቶች ውስጥ ሀብት ብላ የምትቆጥረው አንዲት ቆርቆሮ ቤት ብቻ የሆነች ብዙ ናት። ሥራችን ደግሞ የሕፃን ምግብ ነው። በቆሎ በእርጥበት ከተከማቸ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል። የቱንም ያህል ብንጠነቀቅ አንድ ቀን አንድ ምርት ቢበላሽና ካሣ ብንጠየቅ፣ ያቺ ቤት መነካት የለባትም። ስለዚህ ይህን መንገድ ብዙ ሳንቆይበት ተውነው። እናንተም «ፎርሙን ሙሉና ፈርሙ» ስትባሉ የምትፈርሙት ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ ጠይቁ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው ወይስ አይደለም የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ቤት ታድናለች።

ሁለተኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ሁላችንም ፒኤልሲ የምንለው ነው። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ወስደናል፤ ምክንያቱም ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ነበረ።

ፒኤልሲ ለማቋቋም ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው፤ የአባላቱ ቁጥር ከ2 እስከ 50 ነው። ዕዳ ቢመጣ አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ብቻ ነው። ከ2013ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ለ60 ዓመት ያህል ያገለገለው የ1952ቱ ሕግ ይህን አይፈቅድም ነበር። አንዳንድ ወዳጆቼ «በአንቺ ስም አውጪውና በኋላ ሴቶቹን ታስገቢያለሽ» አሉኝ። በፍጥነት ለመጀመር የሚሻለው እሱ እንደነበር አልክድም። ግን በስሜ የተመዘገበ ድርሻ የእኔ ንብረት ነው። ብሞት ወደ ልጆቼ የሚሄድ ርስት ነው። ልጆቼን እወዳቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን ሥራ የጀመርነው እነሱን ለማውረስ አልነበረም። የጠበቃችን ሦስተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ መልሱን አገኘ።

ገንዘብ ይዞ የመጣው ሰው የባሕር ዳር ነጋዴ ነው። ቅን ሰው ነው፤ በሥራውም ይታመናል። መቁያ፣ ወፍጮና ማሸጊያ ማሽን ልግዛ፣ ከግማሽ በላይ ድርሻ ስጡኝ አለ። ለሚያወጣው ገንዘብ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ፒኤልሲ ውስጥ ግን ድምፅ የሚቆጠረው በድርሻ ነው። እኛ ከ50 በላይ ሆነን ተሰብስበን እጅ ብናወጣ እንኳ ከግማሽ በላይ ድርሻ ያለው አንድ ሰው ውሳኔውን ይይዘዋል። እሱ ዛሬ «ለተጎዱ ልጆች በወጪ ዋጋ ይሸጥ» ብሎ ይስማማል። ነገ ድርሻውን የሚወርሰው ወይም የሚገዛው ሰው ላይስማማ ይችላል። እንዲያውም አባላት 50 ላይ ስለሚገደቡ ከእቁቡ ሴቶች አንዳንዶቹን ከበር መመለስ ነበረብን። እነማንን? ይህን ጥያቄ ማንም ሊመልሰው አልፈለገም። አክሲዮን ማኅበር ቢሆን የአባላት ጣሪያ የለበትም፤ ቢያንስ 5 መሥራቾችና 50,000 ብር ካፒታል ይበቃዋል። የአስተዳደር ሥርዓቱ ግን ለእኛ ዓይነት ጅማሬ ከባድ ሆኖ አገኘነው።

ፒኤልሲን ለማኅበራዊ ዓላማ ማዋል አይቻልም ማለቴ አይደለም። ጠበቃችን መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ምን ምን ሊጻፍ እንደሚችል አሳይተውናል፦ ዓላማው በግልጽ ይጻፋል፤ ከዓመታዊ ትርፍ ለአባላት የሚከፋፈለው ከዚህ አይበልጥም ይባላል፤ ድርሻ ለውጭ ሰው ከመሸጡ በፊት የሌሎቹ አባላት ስምምነት ይጠየቃል፤ ድርጅቱ ሲፈርስ የሚተርፈው ሀብት ለእንዲህ ያለ ሥራ ይተላለፋል ይባላል። ይህን ሁሉ ጽፈው በደንብ የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ችግሩ ይህን ጽሑፍ አባላቱ ራሳቸው በድምፅ ብልጫ መልሰው ማሻሻል መቻላቸው ነው። እንግሊዞች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የማኅበረሰብ ጥቅም ኩባንያ» የሚመዘገብበት የተለየ ሕግ አላቸው፤ በዚያ ሕግ የኩባንያው ሀብት ከማኅበረሰቡ ጥቅም ውጪ እንዳይወጣ ሕጉ ራሱ ይዘጋዋል፤ ባለድርሻዎቹ ተስማምተው እንኳ ሊከፍቱት አይችሉም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የሕግ መቆለፊያ ስለሌለ፣ ፒኤልሲ ውስጥ ዓላማውን የሚጠብቀው የብዙኃን ድርሻ ባለቤቶች ፈቃድ ነው። ድርሻው በማን እጅ እንዳለ እያወቃችሁ ግቡበት። የንግድ ትርፍ ግብሩም ለድርጅት 30 በመቶ መሆኑን አስቡት፤ ለልጆች ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ትርፍም መጀመሪያ ግብር ይቆረጥበታል።

ነጋዴውን አመስግነን፣ ማሽኑን በብድር ወይም በዱቤ እንዲሰጠን ለመንነው። ዘግየት ብሎ በዱቤ ሰጠን፤ እስከ ዛሬም ወዳጃችን ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ባለድርሻ መሆን አለበት ማለት አይደለም። አበዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ይህን አማራጭ ማንሣት የሚያሳፍራቸው ብዙ ጀማሪዎች አይቻለሁ፤ አንሡት።

ሦስተኛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መሆን ነው፤ ሰው በተለምዶ ኤንጂኦ የሚለው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ከሻረ ወዲህ ይህ መንገድ በጣም ሰፍቷል። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ሁለት ሰዎች ሊመሠርቱት ይችላሉ፤ በአባላት የሚመራ ማኅበር ደግሞ ቢያንስ አምስት ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርጅቱ ለዓላማው ማስፈጸሚያ ገቢ ለማግኘት መነገድ ይችላል፦ ራሱን የቻለ ኩባንያ ማቋቋም፣ በሌላ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን መግዛት፣ ወይም በራሱ ስም መነገድ። አዋጁ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎች ውስጥ የሚሠሩትን የሚመለከት ስለሆነ፣ ሥራችሁ በአማራ ክልል ብቻ ከሆነ የክልሉን ሕግና መዝጋቢ መጠየቅ አለባችሁ።

ይህ አደረጃጀት ዓላማን በመጠበቅ ረገድ ከሁሉም የጠነከረ ነው ብዬ አምናለሁ። ትርፍ ለአባል አይከፋፈልም፤ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አይበልጥም፤ ድርጅቱ ሲፈርስ የቀረው ንብረት ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ይተላለፋል። የእርዳታ ገንዘብም በቀጥታ ይቀበላል። አንድ ለጋሽ ድርጅት ሥራችንን ወዶት ሳለ «ለትርፍ ለተቋቋመ ድርጅት እንድንሰጥ ደንባችን አይፈቅድም» ሲለን፣ ቡድናችን ውስጥ ግማሹ ወደዚህ አደረጃጀት አዘንብሎ ነበር።

ያልመረጥነው ሴቶቹን ስለሰማናቸው ነው። አንዲት እናት በስብሰባው ላይ እንዲህ አለች፦ «እኔ ደመወዝ ብቻ የምቀበል ሠራተኛ ከሆንኩ ይህ ሥራ የእናንተ ነው፤ የእኔ አይደለም። እኔም ድሃ ነኝ፤ ካተረፍን የኔም ልጅ ይድረሰው።» የሚመልስላት አልነበረም። ልክ ነበረች። ሌላውን የሚረዳ ሰው ራሱ ካለው፣ ከራሱ የሚተርፍ ሀብት ካለው፣ ይህ አደረጃጀት መልካም ነው። ረጂውም ተረጂውም አንድ መንደር ውስጥ ያለ ድሃ ሲሆን ግን ከትርፉ የማይካፈል ባለቤት ሆኖ እንዲቆይ መጠየቅ ይከብዳል።

በመሐል «በእድራችን ሥር እንሥራው» ያሉም ነበሩ። እድርና እቁብ ከ1113ቱ አዋጅ ውጪ ናቸው፤ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እድር ግን ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘን የተሰበሰበ ነው። ያን ገንዘብ ለንግድ ኪሳራ ማጋለጥ ተገቢ አይመስለኝም፤ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ።

የቀረው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ስሙ ሲነሣ ግን ሽማግሌዎቹ ተቆጡ።

ይህን ያላዩ ወጣቶች እንዲያውቁት ልንገር። በደርግ ዘመን ጎጃም ውስጥ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተብሎ ገበሬው መልባ፣ ከዚያ ወልባ እያለ እንዲገባ ይደረግ ነበር። በመልባ ደረጃ መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ ወልባ ሲደርስ በሬውና የእርሻ መሣሪያውም ይጨመራል። በወረቀት ላይ በፈቃደኝነት ነው ይባል ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ፣ ገበሬው ማንም ሳያዝዘው ማኅበራቱን በራሱ አፍርሶ መሬትና በሬውን ተከፋፈለ። ከእኛ ሴቶች የአንዷ አባት ይህን ሁሉ ያለፉ ናቸው። ልጃቸው ልትፈርም ስትል መጡና «ልጆቼ፣ ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። በሬዬን ከበረቴ ፈትተው የወሰዱት በዚህ ስም ነው» አሉን።

አልተከራከርናቸውም። መከራከርም ነውር ነበር፤ የሚናገሩት የደረሰባቸውን ነው። የአዋጅ ቁጥር 985/2009ን ግልባጭ ይዘን ተቀመጥንና አንዱን ነጥብ ከአንዱ አነበብንላቸው። መግባትም መውጣትም በፈቃድ ነው። አባሉ የሚያዋጣው ዕጣ፣ ማለትም የገንዘብ ድርሻ፣ ነው እንጂ መሬቱንም በሬውንም አይደለም። የሚወጣ ሰው ዕጣው ይመለስለታል። መሪዎቹን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የሚቆጣጠራቸው ደግሞ ሌላ የቁጥጥር ኮሚቴ አለ። እሳቸውን ያሳመናቸው የመውጫው ነገር ነው። «መውጫ ያለው ከሆነ ግቡበት» አሉን። በኋላ እህል ከሚያቀርቡልን ገበሬዎች አንዱ ሆኑ።

ለእኛ ደግሞ ሌሎች ነጥቦች ነበሩ። አንድ አባል ያለው ዕጣ ምንም ያህል ቢሆን ድምፁ አንድ ነው። ከዚያም በላይ ማንም ብቻውን ከጠቅላላው የተከፈለ ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ገደብ አለ። ስለዚህ የጠበቃችን ሁለተኛ ጥያቄ፣ ሥራ አስኪያጁን ማን ያወርዳል የሚለው፣ በራሳችን መተዳደሪያ ደንብ ሳይሆን በሕግ ተመለሰ፦ ሴቶቹ። ግብርን በተመለከተ ማኅበሩ በአዋጁ ከገቢ ግብር ነፃ ነው፤ አባሏ ግን ከሚደርሳት የትርፍ ክፍፍል ላይ ግብር ትከፍላለች። እኛ የምናስቀምጠው የልጆች ገንዘብ ሳይቆረጥ ይቆያል ማለት ነው። በዚያ ላይ እንደ ፍኖተ ሰላሙ ዳሞትና እንደ ደብረ ማርቆሱ ጎዛምን ያሉ የገበሬ ዩኒየኖች በአካባቢው አሉ፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በንብ ውጤቶች የሚሠራው ዘንባባ አለ። የአንድ ትንሽ ማኅበር ነገ ምን ሊመስል እንደሚችል ለሴቶቹ ለማሳየት ከእነዚህ የተሻለ ነገር አልነበረኝም።

ጉድለቱን ሳልናገር ማለፍ ግን ልክ አይሆንም። የኅብረት ሥራ ማኅበር በመሠረቱ የተሠራው ለአባላቱ ጥቅም ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ካገኙት የኅብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ ለማኅበረሰብ ማሰብ ቢሆንም፣ የእኛ የተጎዱ ልጆች አባል አይደሉም፤ ጉባኤ ላይም ድምፅ የላቸውም። ሦስት መጥፎ ዓመት በተከታታይ ቢመጣ «መጀመሪያ ለእኛ» የሚል ድምፅ ማሸነፉ አይቀርም። ውሳኔው ይዘገያል፤ ጉባኤ መጥራት ያስፈልጋል። መንግሥት መሥሪያ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ድጋፉም ጣልቃ መግባቱም ቅርብ ነው። እነዚህን የሚሸከም ትዕግሥት ከሌላችሁ አትግቡበት።

ያም ሆኖ ይህን መረጥን፤ ጉድለቱንም በመተዳደሪያ ደንቡ ለመሙላት ሞከርን። አብዛኛው ልፋታችን እዚህ ላይ ነበር፤ የሚጠይቁኝም በአብዛኛው ስለዚህ ነው።

ዓላማው ውስጥ «የአባላትን ገቢ ማሳደግ» ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ሕፃናት አመጋገብ ማሻሻል የሚል ራሱን የቻለ አንቀጽ አስገባን። ከጤና ኬላ የሚላኩ ቤተሰቦች በወጪ ዋጋ እንደሚገዙ፣ የወጪ ዋጋም እንዴት እንደሚሰላ ተጻፈ። ስሌቱ ካልተጻፈ «ወጪ» የሚለው ቃል እንደ ሰዉ ፍላጎት ይለጠጣል። ዓመታዊ ትርፍ ሲኖር መጀመሪያ በሕግ የሚፈለገው መጠባበቂያ ይቀነሳል፤ ቀጥሎ ለልጆች ዱቄት የሚውለው ድርሻ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ከዚያ የተረፈው ነው ለአባላት የሚከፋፈለው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ «ከትርፉ እንደ አስፈላጊነቱ ለማኅበረሰብ ይሰጣል» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ይህን አንቀጽ ለመለወጥ ደግሞ ከተራው ውሳኔ ከፍ ያለ ድምፅ እንዲያስፈልግ አደረግን። በዚህም ቢሆን ማሻሻል ይቻላል፤ ግን በችኮላ አይሆንም።

እህል የምንገዛው በአብዛኛው ከአባላቱ ባሎችና ወንድሞች ነው። ይህ ደስ የሚል ነገር ሆኖ አደጋም አለው፤ የገዢውም የሻጩም ጥቅም አንድ ቤት ውስጥ ይገናኛል። ስለዚህ ቤተሰቧ እህል የሚያቀርብ አባል በዚያ ግዢ ዋጋ ላይ አትወስንም፤ የበቆሎውን እርጥበት የምትለካውም እሷ አትሆንም። በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ ቅሬታ ነበር። «ባሌን ሌባ አደረጋችሁት» ያለችም አለች። ሰው ሳይጠረጠር በፊት የተጻፈ ደንብ ማንንም እንደማይሰድብ፣ ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚጻፍ ግን እንደሚሰድብ አስረዳናትና ተስማማች።

የመንገዱን ነገር ያላሰበ ደንብ እኛ አካባቢ አይሠራም። ባለፉት ዓመታት መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የሚጠፋበት ጊዜ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከሌላ ቀበሌ የሚመጡ አባላት ሳይደርሱ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ መሾምም፣ ብድር ማጽደቅም አይችልም። ስለዚህ ጉባኤው ሳይሞላ ቢቀር በስንት ቀን እንደገና እንደሚጠራ፣ በመሐሉ ሥራ አመራር ኮሚቴው ምን ብቻ መወሰን እንደሚችል፣ ምንን ፈጽሞ መወሰን እንደማይችል ለይተን ጻፍን። የልጆቹን ሒሳብ መንካት ከማይችለው ውስጥ ነው።

የንግድ ስሙና የምጥኑ አሠራር የማኅበሩ ንብረት እንደሆነ ጻፍን፤ ማሸጊያው ላይ የማንኛችንም ስም የለም። ያ የለጋሽ ድርጅት ጉዳይም በሌላ መንገድ ተፈታ፦ አካባቢው ላይ የሚሠራ አንድ የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት እርዳታውን ተቀብሎ፣ ለተጎዱ ልጆች የሚሆነውን ዱቄት ከእኛ በውል ይገዛል። እኛ ገንዘቡን በእርዳታ አንቀበልም፤ ዱቄት እንሸጣለን። አንድ ድርጅት ሁሉንም ነገር መሆን የለበትም፤ እርዳታ ለመቀበል የተሠራው ይቀበል፣ ለማምረት የተሠራው ያምርት። ይህን ቀድመን ብናስበው በአደረጃጀት ምርጫው ላይ የነበረው ክርክር ግማሹ ይቀልል ነበር።

ረቂቁ ሲያልቅ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለን አነበብነው። ማንበብ የማይችሉ አባላት ስላሉን ብቻ አይደለም፤ ማንበብ የሚችለውም ቢሆን ዝም ብሎ የሚፈርምበት ጽሑፍ ስለሆነ ነው። ጠቃሚው ጥያቄ የመጣው ከማያነቡት ነው። አንዲት አረጋዊት እናት «እኔ ብሞት ዕጣዬ የማን ነው? ለባሌ ወንድሞች ነው?» አሉ። ረቂቁ ላይ ስለ ውርስ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ አባል ወራሽዋን በመዝገብ እንድታስጽፍ፣ በፈለገች ጊዜም መለወጥ እንድትችል አደረግን። ለሴት አባላት ይህ ከትርፍ ክፍፍሉ ባልተናነሰ የሚያስጨንቅ ነገር ነው፤ እናንተም ረቂቃችሁ ላይ ፈልጉት።

ምዝገባው ራሱ ከክርክሩ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። የመሥራቾች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ዝርዝርና ፊርማ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአዋጭነት ጥናት፣ የተሰበሰበው ዕጣ ባንክ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ወደ ወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ። የአባላት ቁጥር ዝቅተኛ ወለል ስላለው ሰው መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ሕጋዊ ሰውነት የምታገኙት የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ነው፤ ከዚያ በፊት በማኅበሩ ስም ውል አትፈርሙ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ ምግብ ከሆነ ደግሞ ከጤና ተቆጣጣሪው የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ከዚያ ይከተላሉ። የመጨረሻው ለእኛ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ የመቁያው ክፍልና የማከማቻው ክፍል መለየት ነበረባቸው።

የእኛን መንገድ ሁሉም ይከተል አልልም። ሥራችሁ ሁለት ሦስት ሰው የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ፣ ቶሎ ቶሎ መወሰን የሚፈልግ ከሆነ፣ የውጭ ባለሀብት ድርሻ ገዝቶ ካልገባ የማይጀመር ከሆነ፣ ፒኤልሲ ይሻላችኋል፤ ብዙኃኑን ድርሻ ግን ዓላማውን በሚያምኑ ሰዎች እጅ አቆዩት። የምታገለግሉት ሰው መክፈል ፈጽሞ የማይችል ከሆነና ሥራው በእርዳታ የሚቆም ከሆነ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሁኑ፤ ንግዱን በሥሩ አድርጉት። የሚሠራውም የሚጠቀመውም ያው ሰው ከሆነ፣ እንደ እንጅባራ የቀርከሃ ሠሪዎች ወይም እንደ ቡሬ በርበሬ አምራቾች ከሆናችሁ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር በተፈጥሮው ይስማማችኋል፤ እኛ ያስገባናቸው ተጨማሪ አንቀጾች እንኳ ብዙም አያስፈልጓችሁም።

ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ትርፉ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፋፈል፣ ማን ማንን እንደሚሾምና እንደሚሽር፣ የሚወጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ በራሳችሁ ቃል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሂዱ። የሕጉን ቋንቋ እነሱ ያለብሱታል።